ፈሪሃ እግዚአብሔርና በፈቃድ የሚቀርብ መሥዋዕት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች በሰንበት ትምህርት ቤት፣ በማኅበር ጨዋታ፣ አንዳንዴም ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ የሚነሡ ናቸው። መልሶቹ በአብዛኛው ከመጽሐፍ ቅዱስና ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተወሰዱ ናቸው። ሌሎች ክርስቲያኖች ለየት የሚሉበት ቦታ ሲኖር እንጠቅሳለን። የግል ጭንቀት ያለበት ሰው ግን ከዚህ ገጽ ይልቅ የንስሐ አባቱን ቢያማክር ይሻለዋል።

እግዚአብሔር ፍቅር ከሆነ ለምን ፍሩት ይባላል?

መጽሐፍ ቅዱስ ሁለቱንም ስለሚል ነው። «እግዚአብሔር ፍቅር ነው» ብሎ የጻፈው ዮሐንስ ነው። በመጨረሻው እራት የጌታ ደረት ላይ የተጠጋውም እሱ ነው። ያው ዮሐንስ በፍጥሞ ደሴት ክርስቶስን በክብሩ ሲያየው እንደ ሞተ ሰው እግሩ ሥር ወደቀ። ጌታም ቀኝ እጁን ጭኖ «አትፍራ» አለው (ራእይ 1፥17)።

ጴጥሮስንም እዩት። ሌሊቱን ሙሉ ደክሞ ባዶ እጁን ያደረ ዓሣ አጥማጅ ነው። ሲነጋ በአንድ ቃል መረቡ ሊቀደድ እስኪደርስ ሞላለት። በደስታ መጨፈር ሲገባው ጉልበቱ ላይ ወድቆ «እኔ ኃጢአተኛ ነኝና ከእኔ ተለይ» አለ። ማንም አላስፈራራውም፤ የተደረገለት መልካም ነገር ነው። በማዕበሉ ጊዜም እንዲሁ ነው። ማርቆስ «እጅግም ፈሩ» የሚለው ጀልባዋ ስትናወጥ አይደለም። ባሕሩ ጸጥ ካለ፣ አደጋው ካለፈ በኋላ ነው። አጠገባቸው የተኛው ሰው ማን እንደሆነ የገባቸው ያኔ ነዋ።

ጤናማው ፍርሃት በምን ይለያል?

ወዴት እንደሚወስዳችሁ እዩ። አዳም «ፈራሁ፥ ተሸሸግሁም» አለ። ፍርሃቱ ዛፍ መሀል አስገባው። በሲና ተራራ ሥር ግን ሕዝቡ መብረቁንና ጭሱን አይቶ ሲንቀጠቀጥ ሙሴ «አትፍሩ» ካለ በኋላ እዚያው ላይ ይጨምራል፦ ኃጢአት እንዳትሠሩ እርሱን መፍራት በልባችሁ ይሁን (ዘጸአት 20፥20)። አንዱ ፍርሃት ያሸሻል። ሌላው አጠገቡ ሆናችሁ እንድትጠነቀቁ ያደርጋል። ፈሪሃ እግዚአብሔር የምንለው ይህን ሁለተኛውን ነው።

አባቶች ባሪያ ዱላ ፈርቶ፣ ምንደኛ ደመወዝ ፈልጎ፣ ልጅ ግን ወዶ ይታዘዛል ይላሉ። የመጀመሪያውን አይንቁትም፤ ብዙ ሰው የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ የሆነው ማር ይስሐቅ ንስሐን በመርከብ፣ ፍርሃትን በመርከቡ ነጂ፣ ፍቅርን በወደብ መስሎ ያስተምራል። ያለ ነጂ ወደብ አይደረስም። በእኔ ግምት የብዙዎቻችን ችግር መሀል ባሕር ላይ መቅረት ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ስለ ገሃነም እሳት እስኪበቃን ሰማን፤ ስለ ወደቡ የነገረን ሰው ግን ጥቂት ነው።

«ያ ታቦት ቀሳፊ ነው» ይባላል። እውነት ነው?

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የዖዛ ታሪክ ነው (2ኛ ሳሙኤል 6)። ታቦቱ በሠረገላ ሲጓዝ በሬዎቹ ተደናቀፉ። ዖዛ እጁን ዘርግቶ ያዘው፤ እዚያው ሞተ። ዳዊት ፈራ። ታቦቱን ወደ ከተማው ማስገባቱን ትቶ አቢዳራ የሚባል ሰው ቤት አስቀመጠው። እዚያ 3 ወር ተቀመጠ፤ የአቢዳራም ቤት ተባረከ። ያው ታቦት ነው። በኋላ ዳዊት ራሱ ምክንያቱን ተናገረ፦ ሌዋውያን በትከሻቸው ሊሸከሙት ሲገባ እኛ እንደ ሥርዓቱ አላደረግንም (1ኛ ዜና 15)። ስለዚህ ታሪኩ የሚናገረው ስለ ቁጡ ኃይል ሳይሆን ቅዱስ ነገር እንደተራ ዕቃ እንዳይያዝ ነው።

«ገብርኤል ይቀስፍሃል» እያሉ ሰው ማስፈራራት ሌላ ጉዳይ ነው። ብድሩን የካደን ሰው ለማስደንገጥ የመልአክን ስም ዱላ ማድረግ እምነት አይደለም፤ ድፍረት ነው።

ጥር 11 ታቦታቱ ከጃን ሜዳ ሲመለሱ ቆማችሁ እዩ። ወጣቶች የታለፈውን ምንጣፍ ከኋላ ጠቅልለው እየሮጡ ከፊት ያነጥፋሉ። ታቦቱ ሲደርስ እናቶች ጉልበታቸው ላይ ወድቀው መሬት ይስማሉ። ቀና ሲሉ ደግሞ እልልታውን ያቀልጡታል። ፍርሃት መሸሽ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጃን ሜዳ ያን ቀን ባዶውን በዋለ።

ሕመም ወይም መከራ ሲደርስብኝ እግዚአብሔር እየቀጣኝ ነው?

ከመቅጽበት እንዲህ ብላችሁ አትደምድሙ፤ በሌላ ሰው ላይማ በጭራሽ። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰው ሲገድል፣ ሟቾቹ ከሌላው የባሱ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ ጌታ በግልጽ ተናግሯል (ሉቃስ 13)። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰውም «እርሱ ወይም ወላጆቹ ኃጢአት አልሠሩም» ብሏል። ሐኪም ቤት ሂዱ፤ ጸልዩም።

አብርሃምን «ልጅህን ሠዋ» የሚል አምላክ እንዴት ይታመናል?

ከባድ ጥያቄ ነው፤ ማለሳለስም አያስፈልገውም። ዘፍጥረት 22 ሦስት ቀን መንገድ፣ ቢላዋ፣ እንጨትና ዝምታ ነው። አባት ልጁን ምን ብሎ እንዳዋየው እንኳ ብዙም አይነግረንም። «እሳቱና እንጨቱ ይኸው አለ፤ በጉ ግን ወዴት ነው?» የሚለውን የይስሐቅን ጥያቄ አንብቦ ሆዱ የማይባባ ወላጅ የለም።

ሦስት ነገር ልብ በሉ። በዚያ ዘመን በከነዓን ዙሪያ ልጅን ለአማልክት መሠዋት ነበር። ይህ ታሪክ የሚያበቃው ግን የተነሣው እጅ ተይዞ ነው። በኋላም ኦሪት ሞሎክ ለሚባለው ጣዖት ልጅ መስጠትን አጥብቃ ከለከለች። ስለዚህ ዛሬ «እግዚአብሔር ልጄን ጉዳ አለኝ» የሚል ሰው የአብርሃም ደቀ መዝሙር አይደለም። ፈጥኖ ወደ ሐኪምም ወደ ካህንም መወሰድ ያለበት ሰው ነው።

ሁለተኛው ይስሐቅ ራሱ ነው። ለመሥዋዕት የሚሆን እንጨት ተሸክሞ ተራራ የሚወጣ ልጅ ሕፃን አይደለም። አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ 25 ዓመቱ ነበር ይላል። አብርሃም ደግሞ የሸመገለ ሰው ነው። ጎረምሳው እንቢ ቢል ሽማግሌው በምን አቅሙ ያስረዋል? ከጥንት ጀምሮ ብዙ መምህራን ይስሐቅ ወዶ እንደተጋደመ ያስተማሩት ለዚህ ነው። የሮሙ ቀሌምንጦስም በ1ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በጻፈው መልእክት ይስሐቅ በደስታ እንደቀረበ ጽፏል።

ሦስተኛው በይስሐቅ ፈንታ የተሠዋው፣ በዕፀ ሳቤቅ (በቁጥቋጦው) የተያዘው በግ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በጉን የክርስቶስ፣ ዕፀ ሳቤቅን የእመቤታችን ምሳሌ አድርጋ ታስተምራለች። «እግዚአብሔርን የምትፈራ እንደ ሆንህ አሁን አውቄአለሁ» የተባለው አብርሃም ልጁን ይዞ ነው ወደ ቤቱ የተመለሰው።

ክርስቶስ «በፈቃዱ» ሞተ ሲባል ምን ማለት ነው? አስረው ገደሉት አይደል እንዴ?

አዎ፣ አስረው ገደሉት። ግን የተያዘበትን ሌሊት ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ወታደሮቹ ፋኖስና ጦር ይዘው መጡ። «ማንን ትፈልጋላችሁ?» አላቸው። «የናዝሬቱን ኢየሱስን» አሉ። «እኔ ነኝ» ሲላቸው ወደ ኋላ አፈግፍገው መሬት ላይ ወደቁ (ዮሐንስ 18፥6)። እስቲ አስቡት፤ ታሳሪው ቆሟል፣ አሳሪዎቹ ወድቀዋል። መሮጥ ቢፈልግ ያኔ ነበር። እሱ ግን ተነሥተው እስኪያስሩት ጠበቃቸው። ደቀ መዛሙርቱን ብቻ «ተዉአቸው ይሂዱ» አለ።

ጴጥሮስ ሰይፍ መዘዘ። ጌታም አባቴን ብለምን ከ12 ጭፍራ የሚበልጡ መላእክት ይሰድልኛል አለው። አንድ የሮማ ጭፍራ 5 ሺህ ሰው ገደማ ነው፤ 12ቱ 60 ሺህ ይሆናሉ። በንጉሥ ሕዝቅያስ ዘመን ደግሞ አንድ መልአክ ብቻውን በአንድ ሌሊት 185 ሺህ የአሦር ወታደር መትቷል። ኃይል ጎድሎት አልነበረም ለማለት ነው። ለጲላጦስም «ከላይ ካልተሰጠህ በቀር በእኔ ላይ ምንም ሥልጣን ባልነበረህ» ብሎታል። ቀድሞም ስለ ነፍሱ ሲናገር «እኔ በፈቃዴ አኖራታለሁ እንጂ ከእኔ ማንም አይወስዳትም» ብሎ ነበር (ዮሐንስ 10፥18)።

በቅዳሴያችን ይህ ነገር ደጋግሞ ይመጣል። በቅዳሴ ሐዋርያት ካህኑ ጌታችን ሞትን ይሽር፣ የሰይጣንን ማሰሪያ ይበጥስ ዘንድ በፈቃዱ ለሕማም እንደተሰጠ ይናገራል። በቅዳሴ ማርያም ደግሞ «ፍቅር ሰሐቦ ለወልድ ኃያል እምነ መንበሩ፤ ወአብጽሖ እስከ ለሞት» ይባላል። ፍቅር ኃያሉን ወልድ ከዙፋኑ ሳበው፣ እስከ ሞትም አደረሰው። «ኃያል» የምትለው ቃል ዝም ብላ የገባች አይደለችም። ደካማ ሰው ቢገደል ያሳዝናል። ሁሉን የሚችል ሲገደል ግን የሚያስፈራው እዚያ ላይ ነው፤ እየቻለ አለማድረጉ።

በፈቃዱ ከሆነ በጌቴሴማኒ ለምን ተጨነቀ?

ሥጋው እውነተኛ ሥጋ ስለሆነ። ሉቃስ ላቡ እንደ ደም ነጠብጣብ ወረደ ይላል። «ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ» ካለ በኋላ «ነገር ግን የእኔ ፈቃድ አይሁን የአንተ እንጂ» አለ። ፈቃደኝነት ማለት ሞት አያስፈራም ማለት አይደለም። ሞትን እንደ ጨዋታ የሚያይ ሰው ምን መሥዋዕት አቀረበ?

አብ ተቆጥቶ ልጁን ቀጣው ማለት ነው? ደሙስ ለማን ተከፈለ?

እዚህ ላይ ክርስቲያኖች አንድ ዓይነት አይናገሩም። በምዕራብ፣ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ አንሰልም በ11ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ የሰው ኃጢአት የእግዚአብሔርን ክብር ስለነካ ካሣ ያስፈልገው ነበር ብሎ ጻፈ። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ኢሳይያስ 53ን ይዘው «ቅጣታችንን በእኛ ፈንታ ተቀበለ» የሚለውን ያጎላሉ። በምሥራቅና በእኛ ዘንድ ደግሞ ሞትን በሞቱ መሻሩ ይጎላል። ቤዛነትና ካሣም በትምህርታችን አለ፤ የትንሣኤው ዝማሬ ግን የድል ነው።

ለእኔ ደስ የሚለኝ የጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት መልስ ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን ይህንኑ ጥያቄ ፊት ለፊት አነሣው። ለሰይጣን ተከፈለ ከተባለ ነውር ነው፤ ወንበዴ ራሱን እግዚአብሔርን ዋጋ አድርጎ ተቀበለ ማለት ይሆናል። ለአብ ከሆነስ፣ ይስሐቅን እንኳ አልቀበልም ብሎ በበግ የለወጠ አባት እንዴት በአንድያ ልጁ ደም ይደሰታል? ሲል ይጠይቃል። ከዚያ አብ የተቀበለው ጠይቆ ወይም ቸግሮት ሳይሆን ለእኛ መዳን ነው ብሎ ያልፋል። የቀረውን በዝምታ ማክበር ይሻላል አለ። አዋቂ ሰው የሚያቆምበትን ያውቃል።

ያም ሆነ ይህ፣ አብን ገራፊ ወልድን ተገራፊ አድርጎ መሳል ስሕተት ነው። የሥላሴ ፈቃድ አንድ ነው።

ስቅለት ዕለት የምንሰግደው ቅጣት ነው?

አይደለም። ሰሙነ ሕማማትን ሙሉ መስቀል አንሳለምም፣ በመሳሳም ሰላምታ አንሰጣጥም፤ የይሁዳን መሳም እያሰብን ነው። ዓርብ ከጠዋት ጀምሮ «ኪርያላይሶን» እየተባለ ይሰገዳል። የሚችል ግንባሩ መሬት እስኪነካ ይሰግዳል። ጉልበት የከዳቸው እናት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ማንም አይቆጣቸውም።

ማምሻውን ሰው ካህናቱ ጋ ይሰለፋል። ኃጢአቱን በጆሮ ሹክ ይላል፤ ካህኑ ጀርባውን በወይራ ቅጠል መታ መታ አድርገው «ይህን ያህል ስገድ» ይሉታል። ወይራው የጌታን ግርፋት ማሰቢያ ነው። ሰልፉን ላየው ሰው ግርም የሚለው፣ ለመመታት ተጋፍቶ የሚቆም ሕዝብ መሆኑ ነው። ሕፃናቱማ ሁለተኛ ዙር ይመለሳሉ። ከዚያ እስከ እሑድ ሌሊት ማክፈልም (እህል ውኃ ሳይቀምሱ መቆየት) እንደ አቅም ነው። የሚያከፍል ያከፍላል፤ በሽተኛ ግን ስኳሩ ወርዶ ቢወድቅ ለማንም አይጠቅምም።

ሰማዕትነትን መመኘት ይቻላል?

መመኘት ሌላ፣ ሄዶ መፈለግ ሌላ። የእስክንድርያው መምህር ኦሪጀን ገና ልጅ ሳለ አባቱ በእምነቱ ሲታሰርበት ተከትሎ ሊሞት ተነሣ። እናቱ ልብሱን ደበቀችበት፤ ራቁቱን አልወጣ! የሰምርኔሱ ጳጳስ የፖሊካርፐስ ሰማዕትነት ሲጻፍም፣ ቀድሞ ራሱን አሳልፎ የሰጠ ቊንጦስ የሚባል ሰው አውሬዎቹን ሲያይ ፈርቶ እንደካደ ተመዝግቧል። ጽሑፉም ራሳቸውን የሚሰጡትን አናመሰግንም ይላል። ፖሊካርፐስ ራሱ መጀመሪያ ገጠር ገብቶ ተደብቆ ነበር። ሲያገኙት ግን አልካደም፤ ለመጡበት ሰዎች ምግብና መጠጥ አቀረበላቸው፣ የሚጸልይበት ጊዜም ጠየቀ።

ወደ አገራችን ስንመጣ አቡነ ጴጥሮስ አሉ። ፋሺስቶች አርበኞቹን እንዲያወግዙና ለጣሊያን እንዲገዙ ጠየቋቸው። እሺ ቢሉ ይተርፉ ነበር። እንቢ አሉ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገደሉ። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ሊቢያ ውስጥ በክርስትናቸው የተገደሉት ወንድሞቻችን ደግሞ ሰማዕት ልሁን ብለው ከቤታቸው አልወጡም። እንጀራ ፍለጋ ነው የወጡት። በአገር ቤት 3 ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታውጆላቸው ነበር። ሞትን አልፈለጉትም፤ ሞት መጣባቸው።

ስእለት ተስዬ ሳላደርስ ቀረሁ። ምን ይደርስብኛል?

መክብብ ተስለህ ከማትፈጽም ባትሳል ይሻላል ይላል፤ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ለመድረስ የትራንስፖርት ገንዘብ ያጣ ሰው ሌሊት በላብ እየተጠመቀ መባነን የለበትም። ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። ዘግይቶ ማድረስም፣ በሌላ መልክ ማድረስም ይኖራል። «ልጄ ፈተናዋን ካለፈችልኝ ወርቅ አስገባለሁ» የሚል ከአቅም በላይ የሆነ ስእለት ደግሞ ሲጀመርም ከጭንቀት የወጣ ነው። ጭንቀቱን እግዚአብሔር ያውቃል።

«ካልሰጣችሁ ትረገማላችሁ» እያሉ ገንዘብ የሚሰበስቡስ?

ዝም ብላችሁ ውጡ። መሬታቸውን ሸጠው ከዋጋው የደበቁት ሐናንያና ሰጲራ ተቀሠፉ እየተባለ ይጠቀሳል (የሐዋርያት ሥራ 5)። ምዕራፉን አንብቡት፤ ጴጥሮስ ሐናንያን ሳትሸጠው ያንተ አልነበረም ወይ? ከሸጥኸውስ በኋላ በሥልጣንህ አልነበረም ወይ? ይለዋል። የተጠየቁት ስለ ውሸታቸው እንጂ ስለ ብሩ ማነስ አይደለም። ጳውሎስም «በኀዘን ወይም በግድ አይደለም» ብሎ ጨርሶታል (2ኛ ቆሮንቶስ 9፥7)። ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት ጌታ አየ፤ ግን «ጣይ» ያላት ሰው አልነበረም።

ባሌ ይመታኛል። «ቻዪው፣ መሥዋዕትነት ነው» ይሉኛል። እውነት ነው?

አይደለም እህቴ። መሥዋዕት የሚያቀርበው ሰው ነው የሚወስነው። በጉልበት የሚወሰድብሽ ነገር ጥቃት ነው። ጌታ ሊወግሩት ድንጋይ ሲያነሡ ከመካከላቸው ወጥቶ ሄዷል (ዮሐንስ 8፥59)። አንቺም ከቤት መውጣት፣ ለቤተሰብ መንገር፣ ለሕግ ማመልከት ትችያለሽ።

ይኸው ነገር ቤሩትና ሪያድ ሰው ቤት ለሚሠሩት ልጆቻችንም ይሆናል። ወንድሟን ለማስተማር ወዳ የምትልክ ልጅ የምታቀርበው እውነተኛ መሥዋዕት ነው። ቤተሰቡ ግን ደመወዟን እንደ ግብር ከቆጠረው፣ ባዘገየች ቁጥር ስልኩ ከጮኸባት፣ ስሙ ይቀየራል።

ቅዱስ ቁርባን መቀበል እፈራለሁ። አይገባኝም። ልተወው?

ሰንበት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ያየ ያውቀዋል። የሚቆርቡት ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው። መሀሉ ላይ ያለነው ጎልማሶች ነጠላችንን አጣፍተን ዳር ቆመን እንመለከታለን። «ፈርቼ ነው» እንላለን፤ ትሕትናም ይመስለናል።

ፍርሃቱ ቦታ አለው። ዲያቆኑ «ስግዱ ለእግዚአብሔር በፍርሃት» ይላል፤ ሕዝቡም ወድቆ ይሰግዳል። ኢሳይያስ ሱራፌልን ባየ ጊዜ «ጠፍቻለሁ» ብሎ ጮኋል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን አንርሳ፤ መልአኩ ከመሠዊያው ፍሕም አምጥቶ ከንፈሩን ነካው። እሳቱ አላቃጠለውም፤ ኃጢአቱን አስወገደለት። ጳውሎስ ሳይገባው የሚበላ ዕዳ አለበት ብሎ ያስጠነቅቃል። ያው ጳውሎስ «ሰው ግን ራሱን ይፈትን፥ እንዲሁም ከእንጀራው ይብላ» ይላል (1ኛ ቆሮንቶስ 11፥28)። ራሱን ፈትኖ ከቁርባን ይራቅ አላለም።

ንስሐ አባት ከሌላችሁ በአቅራቢያችሁ ካለ አጥቢያ ያዙ። ተናዘዙ፤ የሚሰጣችሁን ቀኖና ፈጽሙ። የተጣላችሁት ሰው ካለ ታረቁ፤ ብዙውን ጊዜ የሚከብደው ይሄኛው ነው። ከዚያ 18 ሰዓት ጾማችሁ፣ ከቅዳሴው መጀመሪያ ገብታችሁ ቁሙ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ስለ ጾሙ ቀድማችሁ ለካህኑ ንገሩ።